ዶክተር ጉሉማና ብርድ የማይችሉት ጊንጦች

ውድ ባልደረቦቼ፣ አካም ጂርቱ! ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ዶክተር ጉሉማ ባሉበት ሳልቋረጥ ልናገር ስሞክር ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለዚህ እትዬ ሽቶ፣ ባለቤትዎን ይያዙልኝ።

ዶክተር ቤተ ሙከራችን የመጡ ዕለት በር ላይ የተቀበላቸው ጥበቃችን ጉዲሳ ነው። "ካርቶኑ ውስጥ ምንድን ነው?" አላቸው። "ጊንጥ፤ ከሶፍ ዑመር" አሉት። ጉዲሳ ቀልድ መሰለውና ከፈተው! ዘሎ ጠረጴዛው ላይ ወጣ፤ እስከ ምሳ ሰዓትም አልወረደም። ይኸው እስከ ዛሬ የሰው ቦርሳ ሲፈትሽ በሩቁ ነው። ጉዲሳ፣ አትደበቅ፣ አይቼሃለሁ!

ለእንግዶቻችን ልንገራችሁ፤ የዶክተር ሥራ የጊንጥ መርዝ ነው። ነርቭ ከሚጎዳው መርዝ ውስጥ አንዷን ነገር ነጥለው፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን አይጦች ታረጋጋ እንደሆነ ይሞክራሉ። ችግሩ የሮቤ ብርድ ነው። የቆላ ጊንጥ እዚህ ሲመጣ ይደነዝዛል፤ መርዝ መስጠት ቀርቶ ጅራቱን ማንሳት ያቅተዋል። ታዲያ ዶክተር ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እትዬ ሽቶ ለወገባቸው የገዙትን ሙቅ ውሃ የሚሞላ ላስቲክ ከቤት አምጥተው ከጊንጦቹ ሥር አነጠፉላቸው! እትዬ ሽቶ በስልክ ሲጮሁ ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ፤

"እኔ ወገቤን ይዤ እየተንቀጠቀጥኩ ለጊንጥ አልጋ ታሞቃለህ?"

"አንቺ እኮ በብርድም ትናደፊያለሽ፤ እነሱ ግን አይችሉም።"

ካፌያችን ውስጥስ? አስተናጋጇ ቢፍቱ ገና የስኳሩን ማንኪያ ስታነሳ፣ "መጠን፣ ልጄ፣ መጠን! መድኃኒቱን መርዝ የሚያደርገው መጠኑ ነው" ይሏታል። ከዚያ ማንኪያውን ተቀብለው ለራሳቸው አራት ይጨምራሉ።

አሁን ቀልዱ ይብቃ። ወንድሜ ሻፊ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ታውቃላችሁ። የመርዙ ወሬ ቤተሰቦቼ ያሉበት ሲናና ሲደርስ እናቴ ሻፊን ይዛ መጣች። "ለልጄም አንዲት ጠብታ" ብላ ዶክተር እግር ላይ ወደቀች።

"እናቴ፣ ከአይጦቹ ብዙዎቹ ሞተውብኛል። ልጅዎ ላይ አልሞክርም" አሏት።

"ለአይጥ የሰጠኸውን ለሰው ትነፍጋለህ?" ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ዶክተርም አለቀሱ። ከዚያ ኮታቸውን ደርበው ሻፊን ራሳቸው ጎባ፣ ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። የታዘዘለት ሰው ሁሉ የሚያውቀው ተራ ኪኒን ነው። ማታ ማታ "ዋጥክ?" እያሉ ይደውሉ ነበር። በሰርጉ ዕለት እንኳ አልማሩትም፤ ስልኩን ያነሳችው ሙሽራዋ ናት! በሽታው ከጣለው ዓመታት አለፉ። ያውና፣ ልጁን አቅፎ ተቀምጧል።

ዶክተር፣ ምርምሩ ገና አላለቀም፤ እኛ እንቀጥላለን። ጊንጡን ለምደነዋል። የሚከብደን የምታለቅስ እናት ፊት ቆሞ እንደ እርስዎ እምቢ ማለት ነው። ስላስተማሩን ከልብ እናመሰግናለን። ጤናና ዕረፍት ይስጥዎ፤ የልጅ ልጅ ያሳይዎ።

እናቴ ጉልበቷን አሟት አልመጣችም። ጠዋት ስወጣ ግን፣ "ያንን የነፈገንን ሰው አላህ ዕድሜውን ያርዝመው በዪልኝ" አለችኝ።

በሉ፣ ለስላሳችሁን አንሱ። ለነፈጉን ሰው!