የሚጣ ቢሮ የት ነው?

ጎረቤቴን ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመብራት ምሰሶ ጀርባ ተደብቀው ያገኘኋቸው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ተደብቀው አልኩ እንጂ የእሳቸውን ቦርጭ የሚሸሽግ ምሰሶ በከተማችን ገና አልተተከለም። ሰፈሩ «ሹሙ» ይላቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተውም በየማለዳው ከረባት ያስራሉ። ለማን እንደሚያስሩ ጠይቄያቸው መልስ አግኝቼ አላውቅም።

«ጤና ይስጥልኝ ሹሙ! ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው።

«ኧረ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ መምህር! ትሰማናለች» ብለው ክርኔን ይዘው ወደ ምሰሶው ሳቡኝ። አሁን ምስኪኑ ምሰሶ ሁለት ሽማግሌ እንዲደብቅ ተፈረደበት።

«ማናት የምትሰማን?»

«ማን ትሆናለች? ሚጣ ናታ!»

ሚጣ አንድ ልጃቸው ናት። ሟች እናቷ በቁልምጫ ያወጡላት ስም ነው፤ እኔም ጂኦግራፊ ሳስተምራት በዚሁ ነበር የምጠራት። ቀና ብዬ ሳይ ከዳቦ ቤቱ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀምጣለች።

«ታዲያ ምን አጠፋች?»

«ጥፋቷማ ይኸው ነው! ባለፈው ሳምንት ቤተ መጻሕፍት፣ ትናንት ሆቴል፣ ዛሬ ዳቦ ቤት። የተማረ ሰው እንደ ሱቅ በደረቴ ሲዞር ይውላል እንዴ? ሰው 'ልጅዎ የት ትሠራለች?' ብሎ ይጠይቀኛል። ምን ልበል? 'ዛሬ ዳቦ ቤት ናት፣ የነገውን እግዜር ያውቃል' ልበል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚጣ ባሕር ማዶ ላለ የቤት ዕቃ ፋብሪካ የኩሽና መደርደሪያ ትነድፋለች። ንድፉን በኢንተርኔት ትልካለች፣ ከአለቆቿ ጋር በኢንተርኔት ትሰበሰባለች፣ ደመወዟም በባንክ ይገባል። ሹሙ ግን በር፣ ወንበርና ማኅተም የሌለውን ሥራ ሥራ አይሉትም። «የማታውቀውን ሰው ኩሽና ታሳምራለች፤ የእኛ ቁም ሳጥን በር በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሎ ይኖራል» እያሉ ያሾፋሉ።

«ሹሙ፣ ልጅቷ እኮ ሥራ ላይ ናት።»

«ሥራ ያለው ሰው በመጀመሪያው ጥሪ ስልክ ያነሳል? እስቲ ይህን ይመልሱልኝ! ስደውልላት ገና ሳይጠራ 'አቤት አባዬ' ትለኛለች። በእኔ ጊዜ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ስትደውል ጸሐፊዬ 'ስብሰባ ላይ ናቸው' ነበር የምትላት። ስብሰባ ላይ ናቸው! ሥራ ማለት ይህ ነው።»

ይህን ሲሉ ደረታቸው ተነፋ፤ ከረባቱም አብሮ ከፍ አለ።

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ አስበዋል?»

«ጨርሻለሁ። ድሮ በእኔ ሥር የነበረ ሰው አሁን ሩቅ ከተማ የቅርንጫፍ ቢሮ አለቃ ሆኗል። ቦታ ይዞላታል። በሯ ላይ ስሟ ይጻፋል። ዓርብ ሄዳ ትፈርማለች።»

«እሷስ ምን አለች?»

«'አንተ ካልክ እሺ አባዬ' አለች።»

«እርስዎስ ከማን ጋር ሊኖሩ ነው?»

ሹሙ ምሰሶውን ያዩ ጀመር። «እኔማ ምን እሆናለሁ፤ ቤቱ አለ» አሉ ቀስ ብለው።

እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሰው አንድ ልጁን በገዛ እጁ ከቤቱ ሲያስወጣ ቆሜ ላይ? «ይስሙኝ ሹሙ፣ ከምሰሶ ጀርባ ሆኖ መፍረድ ለእርስዎ አይገባም። ገብተን እንጠይቃት» ብዬ እየጎተትኩ ደረጃውን አወጣኋቸው።

ሚጣ ስታየን ብድግ አለች። «አባዬ! ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

«አላመመኝም። ቢሮሽን ልጎበኝ ነው የመጣሁት» አሉ ኮስተር ብለው። «ለመሆኑ የትኛው ነው? ኬኩ የተደረደረበት ነው ወይስ ምድጃው?»

ሳቀች። ሚጣ አባቷ ሲቆጡ የምትስቅ፣ ሲስቁ የምትጠነቀቅ ልጅ ናት።

«ተቀመጥ አባዬ። ጋሼ፣ እርስዎም ይቀመጡ። ቢሮዬ እንደ ሥራው ይለያያል። ጠዋት መልእክት የምመልሰው እዚህ ነው። ጫጫታው አይረብሸኝም፤ እንዲያውም ያነቃኛል። ግን ወግ አለው። ሳላዝ አልቀመጥም፤ ሻዬ ሲያልቅ ሌላ አዛለሁ፤ ለአራት ሰው የሚሆን ጠረጴዛ ለብቻዬ አልይዝም፤ ምሳ ደርሶ ሰው ወንበር ሲፈልግ ተነስቼ እሄዳለሁ። ለዚህ እኮ ነው አስተናጋጇ ሶኬት አጠገብ ያለችውን ትንሽዬ ጠረጴዛ የምትጠብቅልኝ።»

«ቤተ መጻሕፍቱስ?»

«ንድፍ ስነድፍ እዚያ ነኝ። አንድ መስመር ከተሳሳተ የገዢው መሳቢያ አይከፈትም፤ ጸጥታ ይፈልጋል። ግን እዚያ ማውራት ክልክል ነው። ስለዚህ ስብሰባ ሲኖረኝ ሆቴሉ አዳራሽ እሄዳለሁ። መጋረጃው ወፍራም ነው፣ ሙዚቃ አይከፍቱም፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አላቸው። ጀርባዬን ለግድግዳ ከሰጠሁ ደግሞ ሰው ከኋላዬ ሲያልፍ አይታይም።»

«መናፈሻው አይሻልም?» አልኳት እኔ፣ ነፋሻ ቦታ ስለምወድ።

«ለማንበብ ጥሩ ነው ጋሼ፤ ለኮምፒውተር ግን ፀሐዩ አያሳይም። አንዴ ሞክሬ የራሴን ፊት ሳይ ዋልኩ።»

ሹሙ ፈገግ ሊሉ ብለው ተዉት። «ይሁን። ቤት እያለሽ ግን ለወንበር ብለሽ ሻይ መግዛት ምን የሚሉት ብልሃት ነው?»

ሚጣ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን መልሱን አውቀዋለሁ። የሹሙ ቤት ሰፊው፣ ብርሃናሙ፣ ከመንገድ የራቀው ክፍል የእንግዳ ሳሎን ነው። ሶፋው ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ በሩ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ከሹሙ ቀበቶ ተንጠልጥሎ እንግዳ ይጠብቃል። እንግዳው ማን እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ጎረቤታቸው እስከዛሬ የተስተናገድኩት ኩሽና ነው። ሚጣም የምትሠራው እዚያው ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ነበር። «ቤት ነሽ አይደል?» እየተባለች ሽንኩርት ስትልጥ፣ በር ስትከፍት፣ የአባቷን መነጽር ስትፈልግ ትውላለች። መነጽሩ ሁልጊዜ ግንባራቸው ላይ ነው።

«አባዬ፣ ቤት ስሆን ሥራ ላይ መሆኔ አይታይህም» አለች በመጨረሻ። ቁጣ አልነበረበትም። ሰዓቷን አይታ ደነገጠች። «ስብሰባ ደረሰብኝ! ሆቴሉ ጋ ልሂድ» አለችና ሒሳቧን ከፍላ ስማን ወረደች።

«አዩ?» አሉ ሹሙ። «ስብሰባ ትላለች። ስብሰባ ለመሆኑ ማስረጃው ምንድን ነው?»

«ማስረጃው ሆቴሉ ውስጥ ነው፤ ይነሱ!»

ሆቴሉ ስንደርስ ሚጣ ጥጉን ይዛ ጀምራለች። ቅጠሉ ከተንዠረገገ የአበባ ተክል ጀርባ ባለ ሶፋ ላይ ተቀመጥን። እኔ ባስተማርኩበት በእንግሊዝኛ ትናገራለች። በአየር ላይ በእጇ ሳጥን ትሠራለች፣ ታፈርሳለች፣ ደግሞ ትሠራለች። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ እጇን ለማውጣት ትፈራ የነበረችው የዚያች ልጅ አይመስልም። ሹሙ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ምን እያለች ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«'እንደሱ ካደረግነው አጭር ሰው አይደርስበትም' እያለች ነው።»

«ለአለቃዋ?»

«ለአለቃዋ።»

«ወይ ጉድ!» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ያ የመዝገብ ክፍል አመላቸው ተነሳባቸው። «ቆይ፣ እንፈትናት። ስብሰባ ከሆነ ስልክ አታነሳም። ካነሳች ስብሰባ አይደለም።» እጃቸውን ልይዝ ስንጠራራ ደወሉ።

የሚጣ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ስታየው ፊቷ ልውጥ አለ። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች፣ ማዳመጫዋን ነቀለችና በእኛ በኩል ወዳለው መስኮት ሮጠች።

«አቤት አባዬ! ምን ሆንክ? ወደቅክ እንዴ? ልምጣ?»

ሹሙ ድምፅዋን በአንድ ጆሯቸው ከስልኩ፣ በሌላው ከአበባው ማዶ ይሰሙ ነበር። «ም… ምንም አልሆንኩ ልጄ» አሉ በሹክሹክታ። «ጨው የት እንዳስቀመጥሽ ጠፍቶኝ ነው።»

«ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከስኳሩ ጎን ነው አባዬ። ደህና ነህ አይደል? ድምፅህ ምነው?»

«ደህና ነኝ። ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ሮጣ ተመለሰች። ሹሙ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ስትነሳ ምን አለቻቸው?» አሉኝ።

መዋሸት አማረኝ፤ አልቻልኩም። «'በድጋሚ ይቅርታ። አባቴ ነው፤ ቤት ብቻውን ነው፤ ካላነሳሁለት እፈራለሁ' ነው ያለቻቸው።»

«በድጋሚ?»

«በድጋሚ።»

ከረባታቸውን ላላ አደረጉ። ስልኩንም ኪሳቸው ከተው ስብሰባው እስኪያልቅ ጠበቁ። ሚጣ ኮምፒውተሯን ከድና ግንባሯን በእጇ ስትደግፍ ግን ተነስተው ፊቷ ቆሙ።

«አባዬ! እዚህ ነበርክ?»

«እዚህ ነበርኩ። ምን አሉሽ?»

ለካስ ያ ቀን የሙከራ ጊዜዋ ማብቂያ ኖሯል። «ሥራዬን ወደውታል» አለች። «ግን በየስብሰባው መነሳቴ ሰለቻቸው። ማንም የማያስነሳኝ ጸጥ ያለ ቦታ እንዳለኝ እስከ ዓርብ ካላሳወቅኩ ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። ግድ የለም፤ ዓርብ መቼም ልሄድ አይደል?»

«ለምን 'ስብሰባ ላይ ነኝ' አላልሽኝም? ለምን ሲጠራ ዝም አትይውም?»

ሚጣ መልስ ከመስጠቷ በፊት የአባቷን ከረባት አስተካከለችላቸው። «እማዬ ስትደውልልህ 'ስብሰባ ላይ ናቸው' ይሏት ነበር። አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ አባዬ። ስልኩን ስታስቀምጥ ፊቷ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። አንተን እንደዚያ ላደርግህ አልችልም።»

ሹሙ ቁጭ አሉ። ወንበር መኖሩን እንኳ አላዩም፤ ደግነቱ ነበረ። እንባቸው ዝም ብሎ ሲወርድ አንጀቴን በሉትና እኔም የአበባውን ቅጠል እመረምር ጀመር።

ከዚያ ከቀበቶአቸው ጋር ይታገሉ ያዙ። ቁልፉን ፈትተው ሚጣ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ያ ሳሎን እንግዳ ሲጠብቅ አረጀ» አሉ። «ለማይመጣ እንግዳ ወንበር አልብሼ ልጄን ወንበር ፍለጋ አንከራተትኳት። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል ነበር መምህር! ለዚያ ሰውዬ አሁኑኑ እደውልለታለሁ። በር ላይ ስም መጻፍ ከሆነ እኔም እጽፋለሁ።»

«ብታመምስ አባዬ? እንዴት አውቃለሁ?»

«በመካከላችን ያለው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ካመመኝ አንኳኳለሁ። ለጨው ግን አላንኳኳም።»

አንባቢዬ ሆይ፣ ምክር ያበዛብኛል ብለህ አትፍራ፤ ሹሙ ራሳቸው ከእኔ በላይ ይመክሩሃል። አሁን ማንም የሰፈር ወጣት ኮምፒውተር ይዞ ከታየ ጠርተው «ለጽሕፈት ዳቦ ቤቱ፣ ለጸጥታ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ለወሬ ሆቴሉ፤ ሻይ ሳታዝ እንዳትቀመጥ!» ይሉታል። ሚጣም በቋሚነት ተቀጥራለች። ጠዋት ጠዋት ወደ ዳቦ ቤቱ ስትሄድ አባቷ አብረዋት በእግር ይሄዳሉ፤ ቦርጩም እየቀለለ ነው። የሳሎኑ መስኮት በየቀኑ ስለሚከፈት ተዘግቶ የኖረበት የሻጋታ ሽታ ጠፍቷል፤ እኔም በተራዬ እሑድ እሑድ በዚያ ሶፋ ላይ ለመቀመጥ በቅቻለሁ። ሥራ የሚታወቀው በሠሪው እጅ ነው፤ በር ላይ በተለጠፈ ስም ወንበር የሚያሞቅ ስንቱን አይተናል። ቤት ሆኖ የሚሠራ ልጅ ያለህ ወላጅ፣ ከመደወልህ በፊት አስብ፤ በመጀመሪያው ጥሪ የሚያነሳልህ ሥራ ፈትቶ ላይሆን ይችላል፤ ወዶህ ይሆናል።

ባለፈው ሐሙስ ስልኬ አስቸግሮኝ ሚጣ እንድታስተካክልልኝ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ሹሙ ናቸው። ከረባታቸው ጥብቅ ብሏል፤ ጫማቸውን ግን አውልቀው በካልሲ ቆመዋል። ከኋላቸው በሳሎኑ በር ላይ በዚያ በመዝገብ ክፍል የእጅ ጽሑፋቸው «የሚጣ ቢሮ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከበሩ አጠገብም አንዲት ወንበር ተቀምጣለች፤ ጋዜጣቸው ላይዋ ላይ አለ።

«ሚጣን ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

ሹሙ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ከበሩ ውስጥ ድምፅዋ ይሰማል። ከረባታቸውን አስተካከሉ፣ ደረታቸውን ነፉ፣ ወደ ጆሮዬም ጠጋ ብለው፣

«ስብሰባ ላይ ናቸው» አሉኝ።