መለያው ላይ ያልተጻፈው

ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ኦ፣ ቢታንያ! እንዴት ነሽ? … እኔ ደኅና፣ ይመስገን። ጁባማ ያው ሙቀት ነው። … ቆይ፣ ጄኔሬተሩ ነው የሚጮኸው፣ ወደ ቢሮ ልግባ። — ላዶ! ስታና ሹወያ! — ሹፌሩ ነው፣ ጠብቀኝ እያልኩት ነው፤ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ልንሄድ ስንል ነው የደወልሽው። — ሉባባ፣ እስቲ በሩን ዝጊልኝ። —

አሁን ትሰሚኛለሽ? … እሺ። ምነው፣ ድምፅሽ ልክ አይደለም። … የምን ይቅርታ? ምን አደረግሽኝና?

… ቀስ በይ። ለጥናትሽ ከላክሁልሽ የደረቁ ተክሎች ቅጠል ቆረጥሽ፣ ፈጨሽ። እሺ። … ዲኤንኤው አልወጣም። … ደገምሽው። … አራት ጊዜ! … ከሌላ አገር ከመጡትስ? … ወጣ? የሠላሳ ዓመት ደረቅ ቅጠል ሰጠሽ፣ የእኔ የአምናው እምቢ አለ። … እንዴ፣ ቅጠሌ ስላለቀ ነው የምታለቅሺው? ለሥራ አይደል እንዴ የተቆረጠው!

… አማካሪሽ ዶክተር ደበበ ምን አሉ? … «እጅሽ ቆሻሻ ነው»? በሰው ፊት? … እና ነገ ስብሰባ ላይ ከፕሮጀክቱ ሊያስወጡሽ ነው። … ሌላ ተማሪ ሊተኩ። … ማስተርሱስ? … እሱም ይቀራል። ገባኝ።

… ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።

ቢታንያ፣ ቅጠሉ መልኩ ምን ይመስላል? … ቡናማ። … አዎ፣ ከሌሎቹ ይጠቁራል።

ስሚኝ። … አይ፣ አታቋርጪኝ፤ ካቋረጥሽኝ እተወዋለሁ። አምና ነሐሴ ላይ ነው የለቀምኳቸው፣ እዚህ ነፃነት በታወጀ በወሩ፣ ወንዙ ዳር። ሃያ ቀን ሙሉ ዘነበ። ተክሉ እንዲደርቅ በቀን ሁለቴ ጋዜጣ እቀይርለታለሁ፤ ግን የምቀይረው ጋዜጣ ራሱ እርጥብ ነው። ሻገተብኝ። ግማሹን ጣልኩ። የቀረውን… ድሮ ያስተማሩን ሽማግሌዎች በክረምት የሚያደርጉትን አደረግሁ። ኮንዮ ኮንዮ ሄጄ ከረፊቅ ሱቅ አልኮል ገዛሁ፣ ቁስል የሚጠረግበትን፣ በጀሪካን። «ጋሼ፣ ሆስፒታል ልትከፍት ነው ወይ?» ብሎ ሳቀብኝ። ተክሉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ላስቲክ ውስጥ ከተትኩና አፈሰስኩበት። ከዚያ በኋላ አንድ ቅጠል አልሻገተም፣ አንድ ቅጠል አልረገፈም። መልኩ ብቻ ጠቆረ።

… አዎ። ዲኤንኤውን የሚያበላሸው አልኮሉ ነው። ያኔ አላውቅም ነበር። … መለያ ወረቀቱ? «ጋዜጣ እየተቀየረ የደረቀ» ይላል። እኔው ነኝ የጻፍኩት።

… ለምን? አፈርኩ፣ ሌላ ምን አለው። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቶ ተክል ማድረቅ አቃተው እንዳይሉኝ። … የለም፣ እሱ እንኳ ይሁን። ከዚህ የባሰው ጥር ላይ ነው። ከእናንተ ደብዳቤ ሲመጣ «አልኮል የነካው እንዳይላክ» ይላል። አንብቤው ላክሁ።

… ተቆጪ። ልክ ነሽ። … ሦስት ወር ሙሉ? … በየቀኑ ጠረጴዛውን ስታጥቢ፣ ጓንት ስትቀይሪ… አይዞሽ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም።

… የለም፣ አንቺ አትንገሪያቸው። ሰበብ ፈለገች ነው የሚሉሽ። የት ናቸው አሁን? … እዚያው ፎቅ? ስልኩን ውሰጂላቸው። … አሁን! ነገ ኔትወርክ መኖሩን ማን ያውቃል። … እኔን ምን ያደርጉኛል? ሁለተኛ ከአንተ ተክል አንቀበልም ይሉ ይሆናል። … እሱን ለእኔ ተዪው። ሂጂ።

— ሉባባ፣ ላዶን ይሂድ በዪው። … አልቀረሁም፣ ከሰዓት እንሄዳለን። … ምንም አልሆንኩም። ቀዝቃዛ ውኃ አለ? —

ሄሎ? ዶክተር? ተካልኝ ነኝ፣ ከጁባ። … ደኅና፣ ይመስገን። ዶክተር፣ የልጅቷ እጅ ንጹሕ ነው። … ይስሙኝ። ቅጠሉን አልኮል ውስጥ የነከርኩት እኔ ነኝ፤ መለያው ላይ የደበቅሁትም እኔ ነኝ። … ደብዳቤዎን አንብቤዋለሁ። … አንብቤ ነው የላክሁት። … ልክ ነዎት። … ልክ ነዎት፣ ዶክተር። … ስንቱ ነው የተነከረው?

… የላክሁት አርባ አንዱም።

… ከእንግዲህ ተክል እንዳልልክ? … እሱንም እቀበላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። በሰው ፊት የተናገሯትን ነገ በሰው ፊት ይመልሱላት። … ፕሮጀክቱ ላይ ትቆያለች? … እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

… ኧረ ተክሎቹን አይጣሏቸው! ለዲኤንኤ ባይሆኑም ለመልክ ጥናት ደኅና ናቸው፣ አበባውም ፍሬውም አለ። … መለያዬንማ አይቅደዱት። የተሳሳተ ጽሑፍ አይፋቅም፣ አጠገቡ ማረሚያ ይለጠፋል፤ የእኛ ሥራ ሕጉ ይኼው አይደል? «አልኮል የነካው» ይበል፤ ከሥሩ ቀኑና ያረመው ሰው ስም። … የእኔ ነዋ። ተካልኝ ዳምጠው። … አዎ፣ በሙሉ ይጻፉት። በአርባ አንዱም ላይ።

… እሺ። ደኅና ይዋሉ፣ ዶክተር።