የደበቅኩት ጋሻ

በካርታ ጨዋታ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈርን ከላይ እስከ ታች ያንበረከክሁ ሰው ነኝ። መብራት በፈረቃ በነበረ ጊዜ የልጅ ልጄ ማርታ ዘንዶና ጠንቋይ የተሳለባቸው ካርዶች ይዛ መጣችና፣ "አባባ፣ ከእኔ ጋር ቡድን ይሁኑ" አለችኝ። ጨዋታው ሁለት ለሁለት ነው፤ ከቡድኑ አንዱ ከወደቀ ሁለቱም ተሸነፉ። ማርታ የምትሳሳለትን የክንፋም ፈረስ ካርድ መወራረጃ አስይዛለች። ተጋጣሚዎቻችን የጎረቤት መንትዮች እሷን ሲያጠቁ የሚያድናት የጋሻ ካርድ እጄ ላይ ነበር። እኔ ግን እንዲጨበጨብልኝ ብዬ፣ ተራራ በአንድ ጉርሻ የሚውጠውን ዘንዶዬን ጣልኩ። ማርታ ወደቀች።

ካርዶቼን ገልብጣ፣ "ጋሻው እርስዎ ጋ ነበር እንዴ?" አለች።

"ዓይኔ ደከመ ልጄ፣ አላየሁትም።"

ፈረሷን አንስታ ለመንትዮቹ ሰጠች። ከዚያ ወዲህ በተጫወትን ቁጥር እያንዳንዱን ካርድ በጆሮዬ ታነብልኛለች። እንጦጦ ላይ ያረፈች ትንኝ የሚያይ ዓይን ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ አዳምጣታለሁ።