ነጥቧ የጠፋችበት መጽሐፍ

ጡረታ የወጡት የመድኃኒት ቅመማ መምህር፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከሰው ጋር የሚነጋገሩት ጉዳይ ሲገጥማቸው ብቻ ነበር። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ ስልኩም ከጮኸ ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ መታወቂያቸውን ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ካለው ሱቅ ጎራ ቢሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን የደከሙበት መጽሐፍ ያለ ሽፋን፣ ያለ ስማቸው ባንኮኒው ላይ ተቆልሎ አገኙት።

«ይኼ እኮ የኔ ነው! በቁሜ ዘረፋችሁኝ!» ብለው ጮኹ።

ተራ ስትጠብቅ የነበረችው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ድምፃቸውን ለይታ ዞር አለች። የድሮ ተማሪያቸው ናት።

«መምህር! ሦስት ደብዳቤ ልኬልዎት ነበር እኮ።»

«ደርሶኛል። መጽሐፍዎን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ልበትነው የምትይው አንቺ ነሽ? ባለቤቴ ዓይኗ እስኪደክም በታይፕ የመታችውን ሜዳ ላይ ልጣለው?»

«መብቱ የእርስዎ ስለሆነ ነው ሳልነካው የጠየቅሁዎት። ግን ይስሙኝ። አሳታሚው ከተዘጋ ቆየ፤ እኛ ጋ የቀረው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። የውጭ አገር መጻሕፍትን እንዳንገዛ ዋጋቸው አይቀመስም፤ በኮምፒዩተር የማንበቢያ ፈቃድ ክፍያቸውም በየዓመቱ ይጨምራል። ፈተና የደረሰበት ልጅ ምን ያድርግ?»

«ሌብነትን ታሞካሺልኛለሽ?»

«አላሞካሽም። ግን በቀና መንገድ የሚገኘውን ነገር ማን ይሰርቀዋል?»

ነገሯ ጆሯቸው ቢገባም ልባቸው አልራራም። በንዴት ከቁልሉ አንዱን አንሥተው ገላለጡ። የሕፃናት መድኃኒት መጠን ሠንጠረዥ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ኮፒው ከኮፒ ላይ ሲነሣ ከርሞ ነጥቧ ጠፍታለች፤ 2.5 የነበረው 25 ሆኗል።

«በዚህ ስንት ልጅ ተማረ?» አሉ፤ ገጹን ወደ እሷ አዙረው።

«እንጃ፣ መምህር። የሚያርመው የለም፤ የመጽሐፉ ባለቤት በሩን ዘግቷል።»

ቃሉ ካፏ እንደወጣ ጸጸታት። እሳቸው ግን አልተቀየሟትም፤ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። ሰው ሥራውን ጠበቅሁ ብሎ ሲቆልፍበት፣ ሥራው አሳዳጊ አጥቶ በየመንገዱ እንደሚበላሽ ገባቸው።

«ስሜ ይኖራል?»

«ከባለቤትዎ ስም ጋር። ማንም ያነበዋል፣ ለራሱ አትሞ ይማርበታል፤ መሸጥ ግን ያለ ፈቃድዎ ክልክል ነው። ስሕተት ሲገኝም በቀኑ ይታረማል።»

ባለሱቁ አንገቱን ደፍቶ ቁልሉን አስረከባቸው። ስለ ስሕተቱ የሚያስጠነቅቅ ማስታወቂያ በዚያው ቀን በየክፍሉ ተለጠፈ፤ መምህሩም ፈቃዳቸውን በፊርማቸው አጸኑ።

በወሩ የታረመው መጽሐፍ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ተማሪው ከሱቅ ሱቅ መዞር ቀረለት፤ ቤተ መጻሕፍቱም ያለችውን በጀት በነፃ ለማይገኙት መጻሕፍት አዋለ። በስም እንኳ የማያውቁት ጤና ጣቢያ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ፋርማሲስት ደግሞ «ምዕራፍ አራት ላይ ያሉት አልገባኝም፤ እንዲያውም አልተስማማሁም» ብላ ጻፈችላቸው።

መምህሩ ቀኑን ሙሉ መልስ ሲጽፉ ዋሉ። ሲጨርሱ ብድግ ብለው ጮክ አድርገው አነበቡት። ቤቱ ውስጥ የሚሰማቸው አልነበረም። ቢሆንም «ጥያቄ ያለው?» ብለው ትንሽ ጠበቁ።