ደጃፍ ላይ የሚቀመጠው ሾርባ

ግማሽ ጺሙን ተላጭቶ፣ ግማሽ ፊቱን አረፋ ተቀብቶ መንገድ ላይ የወጣ ሰው ብታዩ ምን ትላላችሁ? «ይሄ ሰውዬ ነካ አድርጎታል» ነው የምትሉት። እኔ፣ ያውም የተከበርኩት የታሪክ መምህር፣ እንዲያ ሆኜ በሰፈራችን ታይቻለሁ። የሳቀብኝ ስቋል፤ ምክንያቱን ግን ይስማ።

ዝናብ ነበር ወደ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ያስገባኝ። ሽማግሌው ፀጉር አስተካካይ በጸሎታቸው የታወቁ ናቸው። ጠዋት ምላጭ ከማንሳታቸው በፊት የሰፈሩን በሽተኛ ሁሉ በየስሙ እየጠሩ ይጸልያሉ። ቀኝ ጉንጬን ጨርሰው ወደ ግራው ሲዞሩ፣ ነርስ የሆነችው የወንድማቸው ልጅ ጃንጥላዋን እንኳ ሳትዘጋ ገባች።

«አጎቴ፣ ጫማ ሰፊውን ካዩዋቸው ስንት ጊዜዎ ነው?»

ጫማ ሰፊው የልብ ጓደኛቸው ናቸው፤ ሱቆቻቸው ጎን ለጎን ናቸው። ከታመሙና ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ ከቤት አልወጡም።

«በየቀኑ ሾርባ አደርስለታለሁ» አሉ ሽማግሌው ኮራ ብለው። «አንኳኩቼ ደጃፉ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። የታመመ ሰው አይረበሽም፤ እኛ ያደግነው እንዲህ ነው።»

«ይበሉታል?»

«እንዴታ! ሳህኑን ሁልጊዜ ባዶ ነው የማገኘው።»

«የሚበላውማ የአከራያቸው ድመት ነው! አሁን ከዚያ መምጣቴ ነው። እሳቸው ከአልጋ ተነሥተው በር መክፈት አይችሉም። አከራይዋ ማታ ማታ ዳቦ ብታስገባላቸው አንዴ ቀምሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሐኪሙ ከበሉና እጅ እግራቸውን ካንቀሳቀሱ በምርኩዝ ይቆማሉ ብሏል። እንዲህ ከቀጠሉ ግን አይተርፉም፣ አጎቴ።»

ሽማግሌው ብሩሹን ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ጣሉት። «ወይኔ! ወይኔ ጓደኛዬ!» ወዲያው ደግሞ፣ ሰው ሲደነግጥ እንደሚያደርገው፣ ተቆጡ። «ታዲያ ጸሎቴ ከንቱ ነበር ልትዪኝ ነው?»

«ኧረ እኔ አልወጣኝም! ጸሎትዎን አይተዉ። ግን ስማቸውንማ እግዚአብሔርም አልረሳው። ማንም ያላየላቸው ፊታቸውን ነው።»

«ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል፤ በሽተኛ መንካት ሥራሽ ነው። እኔ ገብቼ ምን ልፈይድ?»

«ጌታችን ለምጻሙን ሰው ከሩቅ በቃሉ ብቻ ማዳን ይችል አልነበር? ለምን እጁን ዘርግቶ ነካው?»

ሽማግሌው ምላጩን አጥፈው አስቀመጡ። እኔም ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ፍቅር ከደጃፍ ሲመለስ ለሰጪው ይቀለዋል፤ ተቀባዩ ግን ከበሩ ወዲያ ብቻውን ይቀራል።

«እፈራለሁ» አሉ በመጨረሻ ቀስ ብለው። «እኔ ያንን ሰው ሲስቅ ነው የማውቀው። አፉ ተጣሞ ባየው እንባዬ ይቀድመኛል።»

«ያልቅሱ እንግዲህ! ማን ከለከለዎት? እሳቸውም አፍረው ነው። ‹በዚህ ጺሜ ማንም አይየኝ› ነው ያሉኝ።»

«ጺሜ አለ?» ሽማግሌው ብድግ አሉ። «ጠዋት ጠዋት እዚህ ወንበር ላይ ሳይላጭ ሱቁን ከፍቶ አያውቅም እኮ!» ምላጩን፣ ሳሙናውንና ፎጣውን ሰብስበው ወጡ።

«እኔስ?» ብል ማን ይስማኝ! እኔም ጨርቁን አንገቴ ላይ እንዳሰርኩ ከነርሷ ጋር ተከተልኳቸው።

አከራይዋ የቆለፈችውን በር ከፈተችልን። የጫማ ሰፊው ክፍል ቆዳና መድኃኒት ይሸታል። ጫማ ሰፊው ሲያዩን በደህናው እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ከማን ነው የምትደበቀው?» አሉ ሽማግሌው የጓደኛቸውን እጅ ቀስ አድርገው እያነሡ። «ይህን ፊት ከራስህ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ይቅር በለኝ፤ በርህ ድረስ እየመጣሁ አልገባሁም።» እንባቸው እንደፈሩት ቀደማቸው፤ ጫማ ሰፊውም አለቀሱ። ከዚያ አረፋው ተመታ፣ ምላጩ ተሳለ፣ ጺሙ ወረደ። ነርሷ የዕለቱን ሾርባ ከሽማግሌው ቤት አሙቃ ስታመጣ ማንኪያውን ሽማግሌው ተቀበሏት። ጫማ ሰፊው አንዱን ጎርሰው ሌላውን ጠበቁ። ሳህኑ በድመት ሳይሆን በሰው አለቀ።

ያኔ ነው ጫማ ሰፊው እኔን ያስተዋሉት። ትክ ብለው አይተውኝ፣ በተሳሰረ አንደበት፣ «መምህሩን... ማን ነው... እንዲህ... ያደረጋቸው?» አሉ። በሳቅ ፈነዳን። ግራ ጉንጬ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተላጨ።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ደጃፍ ላይ ሳህን ማስቀመጥ ቀርቷል፤ ያመጣ ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ያጎርሳል። የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ የጫማ ሰፊውን እጅ እያንቀሳቀሰ ወሬ ያወራላቸዋል። አከራይዋም ክፍላቸውን መቆለፍ ትታለች። ሽማግሌው ዛሬም በስም እየጠሩ ይጸልያሉ፤ ጸልየው ሲጨርሱ ግን ኮታቸውን ያነሣሉ። ከስታ የታየችው የአከራይዋ ድመት ብቻ ናት።

ዛሬ ጠዋት ወንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ ቀኝ ጉንጬ ተላጭቶ ግራው በአረፋ እንደተሸፈነ፣ በሩ ላይ የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። ጫማ ሰፊው ናቸው፤ በእግራቸው ቆመው! ሽማግሌው ምላጩን ይዘው ፈዘው ቀሩ። እኔ ፎጣዬን ሰበሰብኩና ከወንበሩ ተነሣሁላቸው።