ቄሱ ያዩት እግር

አባቴ ስኳሩን የሚከታተለው ካዛንቺስ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ተራ ይጠብቃል፣ ጣቱን ይወጉታል፣ መድኃኒቱን ይዞ ይወጣል፤ በቃ። ጫማዎን ያውልቁ ያለው ሰው የለም። እሱም ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ጫማውን ሊስትሮ አስጠርጎ፣ ክሩን ጥብቅ አድርጎ ነው።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አብሬው ነበርኩ። ቄሱ እንደ ሥርዓቱ የምእመናኑን እግር እያጠቡ አባቴ ጋ ሲደርሱ፣ ቀኝ እግሩን እንደያዙ ቀሩ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ከሥር ቆስሏል እኮ። አያምዎትም?»

«ኧረ ምንም አይሰማኝም፣ አባ።»

«የእናቴም ስኳር እንዲሁ ነበር። ምንም ሳይሰማት እግሯ ተቆረጠ። ነገ ስግደቱ ይቅርብዎና ሐኪም ያሳዩት፤ እኔ ፈቅጃለሁ።»

በማግስቱ ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኛ ሐኪም ቤት ዋልን። ትንሽ ቢዘገይ ይቆረጥ ነበር አሉን። እየተጠረገ፣ እየታሸገ ቀስ ብሎ ዳነ።

በቀጣዩ ቀጠሮ የጤና ጣቢያው ሐኪም መድኃኒት ሊያዝለት ሲል አባቴ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። ካልሲውንም አውልቆ እግሩን ዘረጋለት።

«ልጄ» አለው ቀስ ብሎ፣ «ቄሱ የሚያዩልኝ በዓመት አንዴ ነው። ሌላውን ጊዜ አንተ እይልኝ።»