ለፈረንጅ የተጨመረ ባሌስትራ

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ያለውን የሰፈራቸውን ሰው ጠየቁት።

«ፒካፕህ እያለ በሚኒባስ?»

«ሚስቴን ከእናቷ ቤት ላመጣት ነው፣ እትዬ። በፒካፑ ከመጣህ አልወጣም አለችኝ።»

«ምን አድርጓት?»

«ቱሪስት የሚያድርበትን ባለጎማ ተጎታች ቤት ልጎትትበት ብዬ፣ ኋላው እንዲጠነክር ባሌስትራ አስጨመርኩበት። ባዶውን ሲሄድ ያነጥራል።»

«እና ምጥ የያዛት ዕለት በሱ ጫንካት?»

«ግማሽ መንገድ ላይ አውርደኝ ብላ በእግሯ ጤና ጣቢያ ገባች።»

«ጎበዝ! ለፈረንጅ ቤት ስትጨነቅ የሚስትህን ወገብ ልትሰብር! ለመሆኑ ተጎታቹ መጣ?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው ባሌስትራውን አስነቅልና አራሷን በክብር አምጣት።»

«ልክ ነዎት። ግን ነገ ፈረንጆቹ ቢመጡስ?»

እኔ «ወራጅ» ማለቱን ረስቼ መውረጃዬን አለፍኩት።